ባክቴሪያ ፌጅንም ይላመዳል፤ ዋጋ እየከፈለ

ጥያቄ፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በዓመት ሦስት አራቴ ይመላለስባታል። በቅርቡ የካልቸር ምርመራ ስታደርግ ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ነው፣ ብዙ መድኃኒት ተላምዷል ተባለች። ባክቴሪያን ብቻ የሚገድሉ ቫይረሶች እንዳሉ አነበብኩ። ጽሑፉ ቫይረሱ ራሱ ስለሚለዋወጥ ባክቴሪያው ሊላመደው አይችልም ይላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ለምን አንቲባዮቲኩን ትታ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የቫይረስ ጠብታ አትወስድም? ወይስ ቫይረሱ ለእሷም ያሰጋታል?»

መልስ፦ ያነበቡት ጽሑፍ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው የሚጎዳ ስህተት ነው። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች በእርግጥ አሉ። ሙሉ ስማቸው ባክቴሪዮፌጅ ነው፤ ባጭሩ ፌጅ እንላቸዋለን። ባክቴሪያ ሊላመዳቸው አይችልም የሚለው ግን ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ይላመዳቸዋል። እንዲያውም የሰው ልጅ አንቲባዮቲክ ከመሥራቱ እጅግ ብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ ባክቴሪያ ከፌጅ ጋር ሲታገል ነው የኖረው። ስለዚህ እናትዎ አንቲባዮቲኩን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ጠብታውንም አይግዙላቸው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ቀላሉን ልመልስ። ፌጁ የእናትዎን ሕዋሳት አያጠቃም። ቫይረስ ሁሉ ሰውን ያሳምማል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ማንኛውም ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ለመግባት በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል። ፌጅ የሚጨብጠው በባክቴሪያ ገጽ ላይ የሚገኝ የተወሰነ ፕሮቲን ወይም የስኳር ሰንሰለት ነው። የእኛ ሕዋስ ላይ ያ የለም። በዚያ ላይ አንጀታችን፣ አፋችንና ቆዳችን በፌጅ የተሞላ ነው። ሳናውቀው አብረን እንኖራለን። በምድር ላይ ያሉት ፌጆች ሲገመቱ ቁጥሩ 1 ተጽፎ 31 ዜሮ ይከተለዋል። አደጋው ያለው አዘገጃጀቱ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ፌጅ እንዴት እንደሚገድል ካላወቅን ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያመልጥ አይገባንም። ኢ. ኮላይን የሚያጠቃውን ቲ4 የሚባለውን እንውሰድ። ርዝመቱ ከባክቴሪያዋ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ዲኤንኤ (የዘር መመሪያው በኬሚካላዊ ፊደሎች የተጻፈበት ሞለኪውል) የታጨቀበት ጭንቅላት፣ ጅራትና ቀጫጭን እግሮች አሉት። በእግሮቹ ባክቴሪያዋን ይዳስሳል። ትክክለኛውን መያዣ ሲያገኝ ይቆነጥጣል። ከዚያ ጅራቱ ይኮማተርና እንደ መርፌ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይሰዳል። ቀፎው ውጭ ይቀራል። አልፍሬድ ኸርሺና ማርታ ቼዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሲያረጋግጡ የተጠቀሙት ተራ የወጥ ቤት መፍጫ ነበር። ውጭ የቀረውን ቀፎ በመፍጫው አራግፈው ለዩት። ሥራውን የሚሠራው ወደ ውስጥ የገባው ዲኤንኤ መሆኑ ታየ። የገባው ዲኤንኤ የባክቴሪያዋን ማሽን ተቆጣጥሮ ፌጅ ብቻ እንድታመርት ያደርጋታል። በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ባክቴሪያዋ ትፈነዳለች። ከአንዷ 100 እና ከዚያ በላይ አዳዲስ ፌጆች ይወጣሉ።

ይህን በቱቦ ውስጥ ማየት ልብ ይነካል። ባክቴሪያ ያደገበት ፈሳሽ ደፍራሽ ነው። ጠንካራ ፌጅ ጠብ ሲደረግበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደ ውኃ ኩልል ይላል። ተማሪ ሳለሁ መጀመሪያ ያየሁ ቀን በቃ፣ አለቀላቸው ብዬ ቱቦውን ኢንኩቤተር ውስጥ ትቼው ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ደፍርሶ ጠበቀኝ። ያንን ያደገውን ባክቴሪያ ወስጄ በዚያው ፌጅ ብሞክረው ንክች አላለውም። ዛሬም አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህንኑ ነው። ፌጅ መድኃኒት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ ያን በማግስቱ የደፈረሰ ቱቦ ቢያየው ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማረም ይገባል። «መላመድ» የምንለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ሰው ብርድ እንደሚላመደው ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ወይም ፌጁን ደጋግሞ ሲቀምሰው የሚለምደው ይመስለናል። በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። የተረፉት ፌጁ ከመምጣቱ በፊትም የተለዩ ነበሩ። ይህን ያሳዩት ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ናቸው፤ ጊዜው 1943 ነው። ሉሪያ መንገዱ የታየው በአንድ የዳንስ ምሽት ላይ የቁማር ማሽን ሲያይ ነበር። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰጥም። አልፎ አልፎ ግን ሳንቲሙን ያዘንበዋል። ሉሪያ ባክቴሪያዎችን በብዙ ትናንሽ ቱቦዎች ለየብቻ አሳደገ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቱቦ ባክቴሪያ ፌጅ በተቀባ ሳህን ላይ አፈሰሰ። መላመዱ የሚመጣው ከፌጁ ጋር በመገናኘት ቢሆን ኖሮ በሁሉም ሳህን ላይ የሚተርፈው ቁጥር ይቀራረብ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ብዙዎቹ ላይ ምንም አልተረፈም፣ ወይም ጥቂት ብቻ ተረፈ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ መቶ እና ከዚያ በላይ። እንደ ቁማር ማሽኑ ማለት ነው። የዘረመል ለውጡ በአንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ገና በጠዋቱ በአጋጣሚ ተከስቶ ልጆቹ ተራብተው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከኸርሺ ጋር በ1969 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ይህ ለእናትዎ ምን ማለት ነው? በሽንት ኢንፌክሽን ጊዜ በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ውስጥ 100,000 ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፊኛው 300 ሚሊሊትር ቢይዝ 30 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይሆናል። ለአንድ ፌጅ የማይበገር ባክቴሪያ የሚገኘው ስንት ውስጥ ነው የሚለው እንደ ፌጁ ይለያያል። ከአሥር ሚሊዮን አንዷ ብንል ግን ጠብታው ፊኛው ጋር ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት የማይበገሩ እዚያው አሉ ማለት ነው። ጠብታው ሌሎቹን ያጸዳላቸዋል። ሜዳው ለእነሱ ይቀራል።

አሁን ወደ ትግሉ እንግባ። ባክቴሪያ በአንድ ዘዴ ብቻ አይከላከልም፤ በር ላይም፣ በጓዳም ዘብ አለው።

በሩ ላይ ያለው ቀላሉ ነው። ፌጁ የሚጨብጠው መያዣ ከተበላሸ ወይም ከጠፋ ፌጁ መግቢያ የለውም። አንዳንዱ መያዣውን በወፍራም የስኳር ካባ ይሸፍነዋል። ፌጁም ዝም ብሎ አያይም። የስኳር ካባውን የሚቆርጥ ኢንዛይም በጅራቱ ላይ ያበቀለ ፌጅ ብዙ ነው። ሌላ መያዣ የሚያገኝም አለ። ላምዳ የሚባለው ፌጅ ላምቢ የሚባለውን ፕሮቲን ይጨብጥ ነበር። በ2012 የወጣ አንድ የላብራቶሪ ጥናት ላይ ባክቴሪያዎቹ ላምቢን ሲቀንሱበት ፌጁ አራት ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) አጠራቅሞ ኦምፒኤፍ በሚባል በሌላ ፕሮቲን በኩል ገባ። ዓይናችን እያየ አዲስ በር ከፈተ። ያነበቡት ጽሑፍ «ፌጁ ራሱ ይለዋወጣል» ያለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ድረስ ትክክል ነው። የተሳሳተው ከዚያ ተነስቶ ሁልጊዜ ፌጁ ይቀድማል ማለቱ ነው። አንዳንዴ ፌጁ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ባክቴሪያው። እናትዎ ሰውነት ውስጥ ማን እንደሚቀድም ማንም አስቀድሞ አያውቅም።

ዲኤንኤው ከገባ ደግሞ የሚጠብቁት መቀሶች አሉ። ኢኮአርዋን የሚባለው ኢንዛይም ጂ፣ ኤ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ሲ የሚል የስድስት ፊደል ጽሑፍ ሲያገኝ ይቆርጣል። ታዲያ የባክቴሪያዋን የራሷን ዲኤንኤ ለምን አይቆርጥም? እሷ በራሷ ፊደሎች ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ታደርጋለች። ምልክት የሌለው ባዕድ ነው፤ ይቆረጣል። እነዚህን መቀሶች በማግኘትና ጥቅማቸውን በማሳየት ቨርነር አርበር፣ ሃሚልተን ስሚዝና ዳንኤል ናታንስ በ1978 ኖቤል ተሸልመዋል። ዛሬ ዘረመል የሚቆርጥና የሚቀጥል ላብራቶሪ ሁሉ በእነዚህ ይጠቀማል፤ ሁሉም የመጣው ከዚህ ጦርነት ነው። የፌጁ መልስ ደግሞ አለ። ቲ4 በዲኤንኤው ውስጥ ሲ የሚባለውን ፊደል ለውጦ ስኳር ይለጥፍበታል። መቀሱ ፊደሉን አያውቀውም። ቲ7 የሚባለው ሌላ ፌጅ ዲኤንኤ የሚመስል ፕሮቲን ይለቃል። መቀሱ እሱን ጨብጦ ሲቀር ፌጁ ያልፋል። አንዳንድ ግዙፍ ፌጆች ከዚህም ያልፋሉ። ባክቴሪያዋ ውስጥ በፕሮቲን ግድግዳ የታጠረ ክፍል ሠርተው ዲኤንኤአቸውን እዚያ ይደብቃሉ። ይህ የታወቀው በ2017 ነው። መቀሶቹ ከግድግዳው ውጭ ይቀራሉ።

«መላመድ» የሚለው ቃል በትክክል የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ ካልን ክሪስፐር ነው። ስሙን ዘረመል ከማረም ጋር ሰምተውት ይሆናል። መጀመሪያ ግን የባክቴሪያ ማስታወሻ ደብተር ነበር። በ1987 የጃፓን ተመራማሪዎች በኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ እንግዳ ጽሑፍ አዩ። ጥቅሙ ግን አልተገለጠላቸውም። በ2005 ፍራንሲስኮ ሞሂካና ሌሎች በድግግሞሾቹ መካከል ያሉት ቁራጮች ከፌጅ ዲኤንኤ ጋር እንደሚመሳሰሉ አሳዩ። በ2007 ደግሞ ዳኒስኮ በተባለ ኩባንያ የሚሠሩት ሮዶልፍ ባራንጉና ፊሊፕ ሆርቫት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሙከራ አረጋገጡት። የሠሩት ወተት በሚያረጋ ባክቴሪያ ላይ ነው። ፌጅ የወተት ፋብሪካ በርሜልን ሙሉ ሥራ ስለሚያበላሽ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይም ነበር። ከፌጅ የተረፉት ባክቴሪያዎች በማስታወሻቸው ላይ የዚያኑ ፌጅ ቁራጭ ጨምረው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ቁራጩን ሲያወጡት መከላከያው ጠፋ። ሲያስገቡት መጣ። ባክቴሪያዋ የጠላቷን ጉርድ ፎቶ ይዛ ትጠብቃለች፤ ያው ጠላት ሲመለስ በፎቶው አመሳስላ ትቆርጠዋለች። ፎቶውም ለልጆቿ ይወረሳል። ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ ይህንን መቀስ መርጦ እንዲቆርጥ ማዘዝ እንደሚቻል በ2012 አሳዩ። በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

ክሪስፐር ካለ ፌጁ አለቀለት? በፍጹም። ፌጅ በራሱ ዲኤንኤ ላይ ከፎቶው ጋር ከሚመሳሰለው ቦታ አንድ ፊደል ብቻ ለውጦ ሊያልፍ ይችላል። በ2013 ደግሞ ክሪስፐርን የሚያሽመደምዱ የፌጅ ፕሮቲኖች ተገኙ። ከሁሉም በላይ እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ የታየው ነው። መጀመሪያ የገባው ፌጅ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን የለቀቀው ፕሮቲን የባክቴሪያዋን መከላከያ ያዳክማል። ቀጥሎ የሚገባው ወንድሙ በዚያ በተዳከመው በኩል ያልፋል። ስለዚህ ጥቂት ፌጅ ሲገባና ብዙ ፌጅ ሲገባ ውጤቱ የተለያየ ነው። ይህ ለሕክምናም ትልቅ ትርጉም አለው፤ የፌጅ መጠን በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም። ነገሩ ሲገለበጥም ታይቷል። ኮሌራ አምጪውን ባክቴሪያ የሚያጠቃው አይሲፒ1 የሚባለው ፌጅ ራሱ ክሪስፐር ይዞ ተገኝቷል። በባክቴሪያው መሣሪያ የባክቴሪያውን መከላከያ ይቆርጥበታል።

ሁሉም ዘዴ ሲከሽፍ ባክቴሪያዋ ራሷን ታጠፋለች። ነገሩ ከባድ ቢመስልም ስሌቱ ግልጽ ነው። ፌጁ ልጆቹን አምርቶ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ባክቴሪያዋ ከዚያ በፊት ከሞተች ፌጁ አብሮ ይቀራል። በዙሪያዋ ያሉት እህቶቿ የእሷው ቅጂ ናቸውና ይተርፋሉ። ይህን የሚያዙ ብዙ ዓይነት ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው በእኛ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረስ ሲገባ ማንቂያ ከሚደውለው ሲጋስ ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ዝምድና አለው። በእርስዎና በእናትዎ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ማንቂያ ሥሩ ከባክቴሪያና ከፌጅ ጦርነት ይመዘዛል ማለት ነው። ከ2018 ወዲህ ብቻ እንዲህ ያሉ በደርዘን የሚቆጠሩ አዳዲስ የመከላከያ ሥርዓቶች ተገኝተዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ፌጅ ከንቱ ነው የሚያሰኝ ይመስላል። አይደለም። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ባክቴሪያ ፌጅን ሲያመልጥ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይከፍላል። ከላይ ያልኩት ላምቢ ማልቶዝ የሚባለውን ስኳር ማስገቢያ ነው። እሱን የጣለች ባክቴሪያ ከላምዳ ታመልጣለች፤ ያን ስኳር ግን እንደ ልቧ አታገኝም። የስኳር ካባዋን የምትጥለው ደግሞ ከፌጁ ብታመልጥም ለሰውነታችን መከላከያ ትጋለጣለች። አሲኔቶባክተር ባውማኒ በሚባለው ከባድ የሆስፒታል ባክቴሪያ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። ካባውን ሲጥል አንቲባዮቲክም እንደገና ይሠራበታል።

በጣም የሚያምረው ምሳሌ በ2016 የታተመው ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን ከውስጡ እየቀዳ የሚያወጣበት ፓምፕ አለው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ ፓምፕ የሚጨብጥ ፌጅ አገኙ፤ ኦኤምኬኦ1 ይባላል። ባክቴሪያው ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረው። ፓምፑን ከያዘ ፌጁ ይገድለዋል። ፓምፑን ካበላሸ አንቲባዮቲኩ ይገድለዋል። አንዱን ሲሸሽ ሌላው ላይ ይወድቃል። የፌጅ ሕክምና ትክክለኛ መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «የማይላመዱት ፌጅ» አንፈልግም፤ የለምም። የምንፈልገው ባክቴሪያው ሲላመደው የሚጎዳበትን ፌጅ ነው። ለዚህም ነው ፌጅ በአንቲባዮቲክ ፋንታ ሳይሆን ከአንቲባዮቲክ ጋር መሰጠት ያለበት። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ግን መፈተሽ አለበት። አንዳንድ አንቲባዮቲክ የፌጁን ሥራ ያግዛል። ፕሮቲን መሥራትን የሚያስቆመው ዓይነት ደግሞ ፌጁ ራሱ እንዳይራባ ሊያግደው ይችላል፤ ፌጅ የሚራባው በባክቴሪያዋ ማሽን ነውና።

በ2016 በአሜሪካ ሳንዲዬጎ አሲኔቶባክተር ይዞት ራሱን ስቶ የነበረ አንድ ታካሚ በፌጅ ድኗል። ይህ ታሪክ በሰፊው ስለተወራ ሳያነቡት አይቀሩም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን መሐል ላይ የሆነው ነው። በቀናት ውስጥ ባክቴሪያው መጀመሪያ የተሰጡትን ፌጆች ተላመደ። ሐኪሞቹ አዲስ ፌጅ ፈልገው ጨመሩ። አንቲባዮቲክም አብሮ ይሰጥ ነበር። ከኋላው ቀን ከሌት ባክቴሪያውን እያወጣ የሚፈትሽ ቡድን ነበረው። በጠርሙስ የተገዛ ጠብታ ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም።

ስለ ጠብታው ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፌጅ መራጭ ነው። አንዱን ኢ. ኮላይ የሚገድል ፌጅ ሌላውን ኢ. ኮላይ ላይነካው ይችላል። በእናትዎ ባክቴሪያ ላይ ያልተሞከረ ፌጅ ዕድሉ የሎተሪ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ፌጅ ገዳይ አይደለም። አንዳንዱ ዲኤንኤውን ከባክቴሪያዋ ዲኤንኤ ጋር ቀላቅሎ ተኝቶ ይኖራል፤ ሲተኛም መርዝ የሚያመርት ጂን ይዞላት ሊገባ ይችላል። የኮሌራ መርዝ የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ፌጅ መሆኑ በ1996 ታውቋል። የዲፍቴሪያም እንዲሁ ነው። የሚተኛ ፌጅ ባልተመረመረ ጠርሙስ ውስጥ ካለ የምንታገለውን ባክቴሪያ እናስታጥቀዋለን። ሦስተኛ፣ ፌጅ የሚመረተው ባክቴሪያ ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲፈነዱ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈስሳል። በደንብ ካልተጣራ ይኸው መርዝ፣ በተለይ በመርፌ ወይም በደም ሥር ከተሰጠ፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውደቅ ያመጣል። ከላይ አደጋው አዘገጃጀቱ ላይ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። መጠኑም ቢሆን አይታመንም። ፌጆበርን በተባለው የአውሮፓ ጥናት ላይ ለተቃጠሉ ሕሙማን የተዘጋጀው ፌጅ ተቀምጦ ሳለ ኃይሉን አጥቶ ሕሙማኑ ከታሰበው እጅግ ያነሰ መጠን ነው ያገኙት። ያ እንኳ በባለሙያዎች እጅ የተያዘ ነበር።

በሽንት ኢንፌክሽን ላይስ? በጆርጂያዋ ትብሊሲ ከተማ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በሚያደርጉ ወንዶች ላይ የተሠራ የማነጻጸሪያ ጥናት አለ። ፌጁ በቀጥታ ወደ ፊኛ ተሰጠ። ውጤቱ ከአንቲባዮቲክ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። ግን ፌጅ በሌለበት ፈሳሽ ፊኛን ከማጠብም አልበለጠም። ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ ሕሙማኑም እንደ እናትዎ ዓይነት አልነበሩም። ነገር ግን ዛሬ አንቲባዮቲኩን ተዉና ይህን ውሰዱ የሚያሰኝ ማስረጃ በእጃችን የለም።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ የካልቸር ውጤቱን ወረቀት ይዛችሁ ሐኪም ጋ ተመለሱ። «ብዙ ተላምዷል» ማለት «ሁሉንም ተላምዷል» ማለት አይደለም። ለፊኛ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይንና ፎስፎማይሲን ብዙ ጊዜ አሁንም ይሠራሉ፤ ወረቀቱ ላይ ስማቸው ካለ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጣራ። ምርመራው ሲደረግ እናትዎ የሚያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ የሚያሸና ስሜት ነበራቸው ወይ? በዚህ ዕድሜ ብዙ ሴቶች ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ምልክት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ መታከም የለበትም። እንዲያውም ያለ ምክንያት የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ነው መድኃኒት የተላመዱትን የሚያበዛው። ምልክት ካለና የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ለምን ይመላለሳል የሚለው ይፈለግ። ድንጋይ አለ? ሽንት ሙሉ በሙሉ አይወጣም? ካረጡ በኋላ በብልት የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም መመላለሱን እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነው፤ ይስማማቸው እንደሆነ ሐኪማቸው ይወስን። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ማስመለስ ከመጣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሐኪሞቹ የሚሠራ አንቲባዮቲክ አጥተው ፌጅ ወደሚለው ከመጡ፣ በሩ ዝግ አይደለም። በትብሊሲ ከ1923 ጀምሮ የቆየው የኤሊያቫ ተቋም አለ። በፖላንድ ቭሮትስዋፍም የቆየ ማዕከል አለ። ቤልጅየም ደግሞ ፌጅ ለአንድ ታካሚ ተለይቶ በፋርማሲ እንዲዘጋጅ የሚፈቅድ አሠራር አላት። በሌሎች አገሮችም ሌላ አማራጭ ለሌለው ሕመምተኛ በልዩ ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የእናትዎ ባክቴሪያ በላብራቶሪው እንዳይጣል አስቀድመው ይጠይቁ፤ ፌጅ የሚመረጠው በእሱ ላይ ተሞክሮ ነው። ወደ የትኛውም ማዕከል ቢሄዱ ደግሞ እነዚህን ይጠይቁ። ፌጁ በእናቴ ባክቴሪያ ላይ ተሞክሯል? ተኝቶ የማይኖር፣ መርዝ የማይሸከም መሆኑ በዲኤንኤ ምርመራ ታይቷል? ኢንዶቶክሲኑ ተለክቷል? አብሮ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ የትኛው ነው? ባክቴሪያው ቢላመደው ሁለተኛ ፌጅ ተዘጋጅቷል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ ግልጽ መልስ ካጡ እናትዎ አይውሰዱት።